ፊኛው ዓሣ የሚኖርበት ቦታ

በመሥሪያ ቤታችን «ፕሮፌሰር» የምንለው ሰውዬ ዲግሪ የሚባል ነገር የለውም። ሥራው በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ አልኮል በተሞሉ ጠርሙሶች ላይ የዓሦቹን ስምና የሚኖሩበትን ቦታ ጽፎ መለጠፍ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጽፏል። ጽሑፉ ልቅም ያለ ነው፤ ጉራውም ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ግራ ሲገባቸው ወርደው ይጠይቁታል፤ እሱም የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ይመልስላቸዋል።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ የታላቅ እህቱ ባል ደወለለት። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚነፋውን፣ አጥማጆች ፊኛ የሚሉትን ዓሣ ይዞ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ ነገር ይበላል?»

«ከየት ያዝከው፣ ጋሼ?»

«ከወንዙ። ድልድዩ ሥር።»

«እንግዲያው ብላ! መርዘኛው የሚኖረው ባሕር ውስጥ ነው።»

ጀርባው ምን ይመስላል፣ ሆዱ ይሻክራል ወይ፣ ብሎ አልጠየቀም። እኛ በቦታ ብቻ ዓሣ ብንለይ ኖሮ ሙልጭ አድርጎ ይሰድበን ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ እህቱ እያለቀሰች ሆስፒታል ጠራችው። ሐኪሟ የተረፈውን ጭንቅላትና ቆዳ በላስቲክ ይዛ ጠበቀችው። ከዓሣው ዓይን ሥር ያለችውን ነጭ መስመር ሲያይ ወዲያው ለየው። የባሕሩ ነው። ያን ሰሞን ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ጎድሏል፤ የባሕሩ ውሃ ሽቅብ ሲገባ ዓሣውም አብሮ ገብቷል። ስሙን አንድ ፊደል ሳይስት ነገራት።

«ጎሽ፣ አሁን የበላውን አወቅን» አለች።

«ታዲያ ምን ትሰጡታላችሁ?»

«ማርከሻ የለውም። መርዙ እስኪወጣለት ማሽኑ ይተነፍስለታል፤ ከቻለ ይተርፋል። ሰውነቱ አልታዘዝ አለው እንጂ ሁሉን ይሰማል። ያዋሩት።»

ምን ብሎ ያዋራው? ይቅርታ ሊለው አጎነበሰ፤ እህቱ ግን እዚያው ቁጭ ብላ የባሏን እግር ታሻለች። እሷ ዓሣ አፏ አታስገባም፤ ስልክ ሲደወልም ጎረቤት ነበረች። ይህን ሲያጫውተኝ አዘንኩለትም፣ ተናደድኩበትም።

ወንድሟን ስታይ ፊቷ ፈካ አለ። ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ፣

«አይዞህ፣ ወንድሜ መጥቶልሃል። ዓሣ እንደሱ የሚያውቅ የለም» አለችው። ከዚያ እንባዋ ቀደማት። «ምነው፣ ምነው ሳትበላ በፊት እሱን በጠየቅኸው!»

ባልየው ዓይኑን አልገለጠም። ማሽኑ ተነፈሰለት።