ሙዝ ሊያመጣ ሄዷል

ባለቤቴ የሞተ ሰሞን ልጃችን ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ይቀራት ነበር። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ሳለ «አባዬስ?» ስትል፣ ከደጋው ከገረሴ የወረዱት አማቴ ቀድመውኝ መለሱላት።

«ላንቴ ሄዷል። ሙዝ ሊያመጣልሽ።»

ለሕፃን ሞት አይነገርም፤ እኔም ሳድግ እንዲሁ ተደብቆብኛል። ደግሞም ቅዳሜ ቅዳሜ ከላንቴ የሙዝ እርሻዎች ሙዝ ይዞልን ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይመጣ ስለነበር ውሸቱ ያን ያህል አልከበደኝም።

መንፈራፈሩ የጀመራት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ወለሉን በእግሯ ትደበድባለች፣ ጮሃ ጮሃ ትንፋሿ ይቆማል። ከንፈሯ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሁለተኛ ሬሳ ከዚህ ቤት ሊወጣ ነው እላለሁ። ጤና ጣቢያ ወስጃት ነርሷ ከመረመረቻት በኋላ «ትንፋሿ በራሱ ይመለሳል፤ በጎኗ አስተኚያት፣ አትነቅንቂያት» ብላኝ ነበር። ማመን ግን አቃተኝ።

«በቃሽ! ሌላ ሞት ልትጠሪብን ነው?» ይሏታል አማቴ።

«ይተዉአት እማማ፣ ከኛ ሁሉ ደህና አልቃሽ እሷ ናት» አለች አንድ ቀን ጎረቤቴ። ማንም አልሳቀም።

እኔ የማባብላት በሙዝ ነበር። ልጬ ስሰጣት ግድግዳ ላይ ትወረውረዋለች። ሌላ እልጣለሁ፤ ይብስባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ ገባች። ልጄ ብድግ ብላ ሮጠች። ሙዙን ዞር ብላም አላየችው። በሴትየዋ ቀሚስ ሥር ሾልካ በሩ ላይ ቆመች፤ ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው ትፈልጋለች። ከዚያ ወደቀች።

እኔም ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ከተማ ሙዝ ደጃፋችንን ሳያልፍ የሚመሽ ቀን የለም። እሷ ግን ሙዝ ባየች ቁጥር አባቷን ትጠብቅ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ልጬ አቀብላት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ለትልቅ ሰው መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አማቴ «ልጄ፣ ተይ» ብለውኝ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

«አባዬ ላንቴ አልሄደም» አልኳት። «ሞቷል። ከእንግዲህ አይመጣም።»

አላለቀሰችም። አገጬን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺም ትሞቻለሽ?»

«አልሞትም» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ዛሬ እዚሁ ነኝ» አልኳት።

ያኔ ጮኸች። ትንፋሿ ቆመ። በጎኗ አስተኝቼ፣ እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ከወትሮው የቆየ መሰለኝ። ሲመለስላት ዓይኗን ገለጠች።

«ነገስ?» አለችኝ።