ከፊናንስ የደበቅኋት ልጅ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ዓርብ ቀን ረስቼ የቀመስኩትን ወተት ሳይቀር እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን መስቀላቸውን ተሳልሜ እነሣለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ሸዋ ሮቢት መጥታችሁ ብታገኙኝ እንኳ እክዳለሁ፤ መካድ እንደምችልበት አሁን ታያላችሁ።

ልጄ ሰናይት ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ቤት ከገባች ቆይታ ነበር። የተማረችውን ስጠይቃት እንዲገባኝ ብላ "የባንክ ትምህርት ነው እማ" ትለኛለች። እኔም አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ምነው በጠየቅኩ ኖሮ! አዲስ አበባ ለፈተና ትሄዳለች፣ ፊቷ ጠቁሮ ትመለሳለች። "ልምድ አለሽ ወይ ይሉኛል።" ሳይቀጥሯት ልምዱን ከየት ታምጣው? እንደ ገንዘብ ከማሾ ነጋዴ ትበደር? ጎረቤቴ ዘሃራ ደግሞ "እስካሁን ድረናት ቢሆን በልጅ ማሳደግ ልምድ ይኖራት ነበር" እያለች ትስቃለች።

አንድ ቀን ጠፍቶ የከረመው መብራት መጣ። ሰናይት ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ በባጃጅ ወጣች። ስልኩ ጮኸ። ባላነሳው ምን ነበረበት? እኔ ግን አነሳሁት።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ከፋይናንስ ነው የምደውለው። ሰናይትን ፈልገን ነበር።"

ፊናንስ! የዛሬ ልጆች አታውቁም፤ በእኛ ጊዜ ፊናንስ ማለት አውቶቡስ አስቁሞ ኮንትሮባንድ የሚወርስ ባለ ጠመንጃ ነበር። እኔና ዘሃራ ደግሞ ከአፋር በኩል ጨርቅ እያመጣን እንሸጥ ነበር። ሰናይትን አርግዤ ሳለሁ እንኳ በሆዴ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ተሳፍሬአለሁ። ፊናንሱ ሆዴን አየና "መንታ ነው እንዴ?" አለኝ። ዘሃራ ቀበል አድርጋ "ሦስት ነው፤ አላህ ሲሰጥ አይሰፍርም" አለችው። ስቆ አሳለፈን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሲከተለኝ ይታየኛል።

"ምን አድርጋ ነው?" አልኩት።

"ምንም አላደረገችም። ሰኞ ጠዋት ማስረጃዋን ይዛ እንድትቀርብ ነው።"

ማስረጃ! ትቅረብ! ይህ የፍርድ ቤት ቃል አይደለም?

"የለችም።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"አትመለስም። ዓረብ አገር ሄዳለች።"

"ውይ! መቼ ሄደች?"

"አሁን… ጠዋት።"

ሰውዬው "በሰላም ያግባት" ብሎ ዘጋው። ጨዋ ሰው ነበር፤ ጨዋነቱ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ሰናይት ተመልሳ "ማን ደወለ?" አለችኝ። "በስህተት ነው" አልኳት። አመነችኝ። እናቱን የሚጠረጥር ማን አለ?

ወር ሳይሞላ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ደወለች፤ ያ የደወለው ሰውዬ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። "አንቺም ተመርጠሽ ነበር፤ ዓረብ አገር ሄዳለች አሉን እኮ!" አለቻት። ልጄ ደጃፍ ላይ ዘፍ አለች።

"እማ፣ ስንት ዓመት ፋይናንስ ተምሬ፣ ፋይናንስ ክፍል ሲጠራኝ እንዲህ የሚልብኝ ማን ነው?"

ለካ የተማረችው ፊናንስ ኖሯል! የባንኩ ትምህርት እሱ ኖሯል! እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

"ማንም ይሁን ማን፣ ምላሱን ይቁረጠው!"

እኔ ምን አልኩ? "አሜን" አልኩ። ያውም ጮክ ብዬ። በማግስቱ ጎመን ስበላ ምላሴን ነከስኩ፤ ሰናይት "ቀስ በይ እማ" ብላ ውሃ አቀበለችኝ። ያ ውሃ እንዴት አለፈልኝ? አለፈልኝ፤ ጠጣሁት።

ለልጄ ብዬ ነው እንዳልል፣ ውሸት ላይ ውሸት ይሆንብኛል። የፈራሁት ለራሴ ነው። የዚያ የጨርቁ ዕዳ ዞሮ በልጄ የመጣ መስሎኝ ነበር። ፊናንስ ለልጄ እንጀራ ሊሰጥ ይደውላል ብዬ እንዴት ላስብ? ቢሆንም ጠይቄ መረዳት ስችል ዋሸሁ፤ ውሸቴን አውቄ ደግሞ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

አሁን የማላውቀው ቁጥር ሲደውል፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ "አለች! አለች!" እላለሁ። ባለፈው የመለሰችልኝ የተቀዳ የቴሌ ማስታወቂያ የምታነበው ሴት ነበረች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ከእናንተ መካከል ግን ከፋይናንስ የሆነ ሰው ካለ ይስማኝ፦ ልጄ ዓረብ አገር አልሄደችም። እዚሁ ከቤታችን ጀርባ ሽንኩርት ነቀላ ላይ ናት፤ ጮክ ብዬ ከጠራኋት ትሰማለች።