ኪሱን የሚገለብጠው ሰው

ቀራንዮ ባለው የቀበሌያችን ሱቅ በቅርቡ የተመደበው ሻጭ ክርኑ የተጣፈ ካኪ ኮት ይለብሳል። ስኳር መዝኖ ሲጨርስ መዳፉ ላይ የቀረችውን ብናኝ እንኳ አይልስም፤ መልሶ ጆንያው ላይ ያራግፋታል። ማታ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ሳንጠይቀው ኪሶቹን በፊታችን ይገለብጣል። እኛም እንሳሳቃለን እንጂ አናምነውም። የመጋዘን ቁልፍ ይዞ ጾሙን የሚያድር ማን አለ?

ትናንት ስኳሩ እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

«የለም፤ በሚቀጥለው ወር ኑ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ፣ «ጓድ ለሚስቱ ደብቆላት ነው!» ሲል ጮኸ።

ከፊቴ የተሰለፈችው ሕፃን ያዘለች ሴት ዞረች። ከማለዳ ጀምሮ እንደ እኛው ወረፋ ስትጠብቅ ነበር።

«ሚስቱ እኔ ነኝ» አለችና ባዶ ከረጢቷን ልክ እንደ እሱ ገልብጣ አሳየችን።