ፖስታው ላይ የተቀመጠው ማኅተም

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በስደት አገር፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ ከእናቴና ከወንድ አያቴ ጋር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነበርን። አያቴ ድሬዳዋ ሲሠሩ ግሪካዊ አሠሪያቸው የሰጣቸው፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ክብ ማኅተም ነበራቸው፤ የጥንት የቢዛንታይን ንጉሥ ሹም ስም ተቀርጾበታል። ከመንግሥት ደብዳቤ በመጣ ቁጥር፣ የትምህርት ቤቴ እንኳ ሳይቀር፣ ማኅተሙን ፖስታው ላይ ያስቀምጣሉ። እሳቸው ካላነሱት ማንም አይከፍትም።

አንድ ሰኞ የእናቴ የአሳይለም፣ የጥገኝነት ጥያቄዋ መልስ መጣ። እንቢ ካሏት ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። አያቴ እንደ ልማዳቸው ማኅተሙን ፖስታው ላይ አስቀመጡ።

«አባባ፣ ዴድላይን ቢኖረውስ? ቀኑ ቢያልፍስ?» አልኳቸው።

«የሹም ቃል ካልተከፈተ አልተነገረም፣ ልጄ። እስኪከፈት እናትሽ ከእኛ ጋር ናት።»

እናቴም ፖስታውን ለመንካት ፈራች። እኔማ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አያቴ ፖስታው አጠገብ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ ማኅተሙን አንስታ ፖስታውን ከፈተች። ተፈቅዶላት ነበር። ወደ ባዶው ወንበር ዞረችና ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው።