ወንድሜ «ፖዘቲቭ ነው» ያለኝ ዕለት

ዋጫ ከተማ እንግሊዝኛ በማስተምርበት ጊዜ እናቴ ታማ ቦንጋ ሆስፒታል ተኛች። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶ ነበር። ናሙናው ወደ ጅማ ተልኮ መልሱን እንጠብቃለን። አስታማሚዋ ታላቅ ወንድሜ ነው።

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«...ፖዘቲቭ ነው አሉ... አሁኑኑ ነይ...» አለና ጠፋ። ደጋግሜ ብደውል አይገባም።

ያንን ቃል ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬዋለሁ! ለጠባይ ሲሆን ቀና፣ ለቁጥር ሲሆን ከዜሮ በላይ፣ ለጥያቄ ሲሆን እሺታ እያልኩ። የሐኪም ቤቱን ትርጉም ግን አስተማሪ አያስፈልገውም። ፖዘቲቭ ከተባለ በሽታው አለ ማለት ነው።

መናኸሪያ ስደርስ የተገኘው ሚኒባስ አልነሳ ብሏል። ሾፌሩ ከሌላ መኪና ባትሪ ገመድ ስቦ «ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ ጋር!» እያለ ይጮኻል። በሰማሁት ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ። ወርጄ በእግሬ ልሂድ ሁሉ አሰኝቶኝ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ቦንጋ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው። መቁነጥነጤን አይተው «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እናቴ... ፖዘቲቭ ነው ብለው ደወሉልኝ።»

እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «አይዞሽ፤ ዛሬ መድኃኒት አለው። ሳታቋርጥ ትዋጥ እንጂ፣ አላህ ካለ የልጅ ልጅ ታያለች። ለሰው ግን አትንገሪ፤ የሰው አፍ ክፉ ነው» አሉኝ።

ስለ ሌላ በሽታ እንደሚያወሩ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ላርማቸው ፈልጌ ተውኩት። እኔ የፈራሁት እሳቸው ካሰቡት ይብስ ነበር። እስከ ቦንጋ እጄን አልለቀቁም። ሾፌሩ ማዳበሪያ ለሚያስጭን ሁሉ በቆመ ቁጥር በልቤ እረግመዋለሁ።

ወንድሜ ሆስፒታሉ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«የት ቆየሽ? ደምሽ ኦ ፖዘቲቭ አይደል?»

«ምን?»

«የሷ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ብዙ ደም ስለፈሰሳት ሳይተካላት ኦፕራሲዮን አይደረግም ተባለ። የኔ አይሆንም። አንቺ ነሽ የምትሆኚው ብዬሽ የለ?»

ደረቱን በቡጢ መታሁት። ከዚያ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ግራ ገብቶት ያየኛል።

«የጅማውስ መልስ?»

«እሱ ገና ነው።»

ደም ሰጥቼ ወደ እናቴ ስገባ በቋንቋችን በካፊኖኖ የጠየቀችኝ ተማሪዎቼን ለማን ትቼ እንደመጣሁ ነበር። በማግስቱ ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። እኔን ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ የጅማውን ወሬ ይዞ የመጣ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ አልጋዋ መጥቶ «ካንሰር አይደለም፤ አትጨነቁ» አለን። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እናቴ የሰማችውም አልመሰለች፤ መንደራችን ማንኪራ ያለው ቡናዋ ቀልቶ ለቀማ ደርሶ ስለነበር ሐሳቧ እዚያ ነው። የቁስሉ ክር እንደወጣ «ዛሬ ካልሄድኩ» አለች። ወንድሜ እምቢ ቢላት ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ጀመረች። እኔም ቦርሳዋን አንስቼ ተከተልኳት።