ጉብታ ያላቸው ሁለት ቁልፎች

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ኮምፒዩተር ሰጠኝ። ባለሙያችን ኦጁሉ ገጣጥሞ ሲጨርስ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «በሉ እትዬ፣ ይሞክሩት» አለኝ። እኔ ግን ማውሱን ትቼ ኮንትሮልን፣ አልትንና ኤፍን አንድ ላይ ተጫንኩ። ምንም አልተከፈተም።

«ምን ፈልገው ነው?»

«የደብዳቤ መጻፊያውን። ለካ ገና አላስለመድኩትም!»

ሳቅን። እሱ ሲሄድ ግን በሐሳብ ከጋምቤላ ሙቀት ተነሥቼ ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ገባሁ። የሁለቱ ሙቀት አይመሳሰልም። የዚህኛው ያላባል፤ የድሬ ግን ላቡንም ያደርቀዋል።

ያኔ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከዚራ ሰፈር፣ የዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ተቀጠርኩ። ከጅቡቲ ለሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ወረቀት እናዘጋጃለን። ባለቤቱ ጀማል፣ ጸሐፊዋ እትዬ ጽጌ፣ ሦስተኛዋ እኔ ነበርን። ድሬ አንቱታ ብዙ አይወድም፤ ታላላቆቼ ቢሆኑም አንተና አንቺ እየተባባልን ነው የኖርነው።

እትዬ ጽጌ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ በታይፕ ስለጻፈች ጣቶቿ ፊደል አይፈልጉም። የሟች እህቷን ልጆች የምታሳድገው በዚያ ደመወዝ ነበር። ግንቦት ላይ፣ አስፋልቱ ከጫማ ጋር በሚጣበቅበት ሰሞን፣ ጀማል ታይፑን አስወጥቶ ኮምፒዩተር አስገባ። «ሸሪኬ ከጅቡቲ መጥቶ ሥራችንን ያያል» አለን። «በኮምፒዩተር የማይሠራ ሰው አልይዝም ብሏል።»

አንድ ጠዋት ትኩስ ሙሸበክ፣ ያን የድሬ ጣፋጭ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ስገባ እትዬ ጽጌ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ታሽከረክራለች።

«አቦ! ይቺ ቀስት ደግሞ የት ገባች?»

«ከፊትሽ እኮ ናት፣ እትዬ።»

ማውሱን ለቀቀችው። ከዚያ «በሩን ዝጊው» አለችኝ። «ጉም ነው የሚታየኝ። አባቴም እንዲህ ጀምሮት ነው ታውሮ የሞተው። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ቁርጤን መስማት አልፈልግም። ጀማል ከሰማ እነዚያን ልጆች በምን አሳድጋለሁ?»

«አልነግረውም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።»

«ጻድቋ! አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

መጻፉስ አያስቸግራትም፤ እኔ ወረቀቱን ካነበብኩላት ጣቶቿ ይጽፋሉ። የቸገራት ፕሮግራሙን መክፈት ነበር። በኮምፒዩተር ትምህርቴ ለእያንዳንዱ የስክሪን ምልክት የአቋራጭ ቁልፍ መስጠት እንደሚቻል ተምሬ ነበር። ኤፍና ጄ ላይ ደግሞ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ጣት ሳያይ ያገኛታል። ስለዚህ ከኮንትሮልና ከአልት ጋር ኤፍን ለደብዳቤ፣ ጄን ለሒሳብ ሰንጠረዡ አደረግኳቸው። እትዬ ጽጌ ሦስቱን ቁልፎች ስትጫን ስክሪኑ ወለል ብሎ ነጣ።

«መንጣቱስ ይታወቀኛል» ብላ ሙሸበኩን አነሣች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ሸሪኩ የሚመጣ ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ገባሁ። ጀማል ቀድሞኝ ደጁን ውሃ ረጭቷል፤ ሐብሐብ አስቆርጧል። ማውስ መያዝ ገና መልመዱ ስለነበር የስክሪኑን ምልክት እየጎተተ የኮምፒዩተሩ ቅርጫት ውስጥ መጣል እንደ ልጅ ያስደስተው ነበር። ለእንግዳ ብሎ ስክሪኑንም ጠርጎት ኖሯል። እኛ ይህን አላወቅንም።

«ጽጌ፣ እስቲ አንድ ደብዳቤ ጻፊ» አላት፣ ሸሪኩ ከጎኑ እንደተቀመጠ።

ተጫነች። አልነጣም። ደግማ ተጫነች።

«ምልክቱን ንኪው እንጂ!» አለና ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ። «ለካ ጠርጌዋለሁ። እኔ እኮ ቆሻሻ መስሎኝ ነው!»

ምልክቱ ሲጣል ቁልፉም አብሮት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ። እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ እትዬ ጽጌ ያዘችኝ።

«ተዪው» አለችኝ። ወደ ድምፁም ዞረች። «ጀማል፣ ዐይኔ አያይም። መግቢያዬ እነዚያ የጠረግካቸው ነበሩ።»

ጀማል ቀና አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታቆየኝ ነበር?»

ጀማል አንገቱን ደፋ። «ወላሂ፣ አላውቅም።»

ሸሪኩ ተነሥቶ መጣ። አገጯን ቀና አድርጎ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዐይኗን አየ። «እናቴም እንዲህ ነበረች» አለ። «ይሄ ነጩ ሞራ ነው፣ እህቴ። ይገፈፋል። ሐኪም አላየሽም?»

 የእትዬ ጽጌ እንባ ወረደ። ጀማልም ሐብሐቡን ለእንግዳው ሳይሆን ለእሷ አስጠጋ።

ሐረር ሄዳ ተገፈፈላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንበሯም ጠበቃት። በተመለሰች ጠዋት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ «አንቺ ነሽ እንዴ? በድምፅሽ ወፍራም ትመስዪኝ ነበር!» አለችኝ።

አሁን ሳስበው፣ እነዚያ ቁልፎች ለእትዬ ጽጌ እንጀራዋን አቆዩላት፤ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድም አቆዩአት። ጀማል ባይጠርጋቸው ኖሮ እስከ መቼ በጉም ውስጥ ትጽፍ እንደነበር አንድዬ ያውቃል። ዛሬም ሰው ሲቸገር ካየሁ እጄ ቶሎ ይዘረጋል። ብቻ አሁን ከመዘርጋቱ በፊት ቁጭ ብዬ፣ «ምን ፈርተሽ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።