አልከፈትም ያለው ቪዲዮ

መጋረጃ ሰፊዋ ፈሪ ናት፤ ራሷም አትክደውም። ደም ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ደንበኞቿ «ሦስቴ ለኪ» ይሏታል፤ አንዱን መስኮት ሦስት ጊዜ ሳትለካ መቀስ አታነሳምና። ስለዚህ አባቷ ጉሮሮውን ታሞ አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባለት፣ ቱቦውን የማጽዳቱ ሥራ ያለ ክርክር ለታናሽ እህቷ ሆነ። ታናሽየዋ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ድምፁ ከጥሩምባው የማይተናነስ ሰው ነበር። አሁን በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ታናሽየዋ ልታጸዳው ስትመጣ «ከላሞቹ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው» ብሎ ይጽፍላትና በትከሻው ይስቃል። ትልቋ ይህን ጊዜ ሰበብ ፈልጋ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

አንድ ቀን ታናሽየዋ ለከብት ክትባት ወደ ገጠር መሄድ ግድ ሆነባት፤ የምትመለሰው በማግስቱ ነው። ጠዋት አባቷን አጽድታ ስታበቃ እህቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ነገ ጠዋት አንዴ ብቻ ነው የምታጸጂው። ቱቦው ድርብ ነው፤ የምታወጪው የውስጡን ብቻ። የውጪው እንዳለ ስለሚቀር ቀዳዳው አይደፈንም። ንጹሑን መለወጫ ቀቅዬ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጬልሻለሁ።»

ሆስፒታሉ ለአስታማሚዎች ካዘጋጀው መተግበሪያ ላይም የአራት ደቂቃ ቪዲዮ በእህቷ ስልክ አወረደችላት። «ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል» አለች። ትልቋ አንዴ አየችው፤ እሱንም ዓይኗን ግማሽ ጨፍና።

እኩለ ቀን ላይ ኔትወርክ ጠፋ። መንገድ የሚቆፍሩት ሰዎች መስመር በጥሰው ነው ተባለ። ትልቋም እውነት መሆኑን ለማየት ስልኳን ስታነሳ ከስፌት ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አምልጧት ወደቀ፤ ክዳኑ ወዲያ፣ ባትሪው ወዲህ ተበታተነ። ለቃቅማ ገጣጠመችው፣ በራላት፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ብዙም አልቆየ፤ ከመኝታ ቤቱ ፉጨት የመሰለ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ሰሌዳው የአልጋውን ራስጌ ደጋግሞ መታ። ሮጣ ስትገባ አባቷ ተቀምጦ አንሶላውን በጡጫው ጨብጧል። ደረቱ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ አየር ግን አይገባም። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሰሌዳው ላይ የጻፈው አንዲት ቃል ናት፦ «ቶሎ»።

ወደ አምቡላንስ ደወለች፤ ስልኩ ጭጭ። ቪዲዮውን ከፈተች። የምታስረዳዋ ነርስ ፎቶ አለ። ነካችው። «ይህን ቪዲዮ ለማየት ያለዎት ፈቃድ አይሠራም። ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና ነካችው፤ ያው። መስኮቱን በርግዳ ጮኸች።

«ጋሼ ካሴት! ኧረ ጋሼ ካሴት ድረሱልኝ!»

ጋሼ ካሴት ጎረቤታቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ቪዲዮ ካሴት ሲያከራዩ ኖረው፣ ሱቁ ሲዘጋ በረንዳቸው ላይ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግኑ ጀመር። ላፕቶፓቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ነጠላ ጫማቸውን አንዱን እደጅ ጥለው ደረሱ። ሚስታቸው ከኋላ ተከትለው ገቡ፤ በሽተኛውን አንዴ አዩና «መኪና ላምጣ» ብለው በረሩ።

«እኔ ይህን ቱቦ አላውቀውም፤ ፊልም ግን አውቃለሁ። አምጪው» አሉ ጋሼ ካሴት።

«የውስጡ ቱቦ ወደ ቀኝ ይዙር ወደ ግራ አላስታውስም ጋሼ! ብሳሳትና ሁለቱም ቢወጡብኝስ?»

ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። ፋይሉ ተገኘ፤ ሲከፍቱት ጥቁር ብቻ። በሌላ ማጫወቻ ሞከሩ፤ አሻፈረኝ አለ። የስሙን መጨረሻ ለወጡለት፤ እንደዚያው።

«መጠኑ ሙሉ ነው፤ አልተበላሸም። ቆልፈውታል» አሉ በጥርሳቸው መሃል።

እሷ የቱቦውን አፍ በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ፉጨቱ ግን እየቀጠነ ሄደ። የአባቷ ጣቶች ክንዷ ውስጥ ገብተዋል። ሞተ ማለት ነው፣ በእጄ ላይ ሞተ፣ እህቴን ምን ብዬ አያታለሁ እያለች በውስጧ ትቃትታለች።

«እስቲ አጥፍተን እናብራው» አሉ ጋሼ ካሴት። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አፈጠጡበት። «ይሄ ቀን ምንድን ነው? የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ይላል! ባትሪው ወጥቶ ነበር?»

«ወድቆብኝ ነበር፣ አዎ!»

«በይ ተገኘ! ፊልሙ የተሰጠሽ በኪራይ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ። ስልክሽ ያ ቀን ገና አልደረሰም እያለ ነው።»

ቀኑንና ሰዓቱን በእጃቸው አስተካከሉ። ነኩት። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ አሁንም ዞረች። ከዚያ የነርሷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «በግራ እጅዎ የውጪውን ቱቦ ክንፍ አጥብቀው ይያዙ።»

ጋሼ ካሴት ስልኩን በዓይኗ ትይዩ ያዙላት። እጇን በአልኮል አሸች። ክንፉን ያዘች። የአባቷ ቆዳ ይሞቃል፤ ከጣቷ ሥር የደም ሥሩ ይመታል። ነርሷ እንዳለችው ወደ ግራ አዞረች፤ ከጣቷ አመለጣት። ጩኸቷን ዋጥ አድርጋ ደገመች። ቀጭ አለ። ወደ ታች፣ ወደ ደረቱ ሳበችው፤ ወጣ። ውስጡ እንደ ሙጫ በደረቀ አክታ ጥርቅም ብሏል። አባትየው በኃይል ሳለና አየሩን ሳበ፤ ጎማ ሲነፋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ደግሞ ሳበ። ንጹሑን ቱቦ አስገብታ ቆለፈችው። ከንፈሩ እያየችው ቀላ።

እሷ ግን ግድግዳውን ይዛ ወጥታ፣ መታጠቢያው ላይ ያላትን ሁሉ አስታወከች።

የጋሼ ካሴት ሚስት ያገኙት የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነበር። በዳቦ ሽታ ታጥነው ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ ቱቦውን አየና «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አባትሽ አይተርፍም ነበር» አላት። ያን ዕለት አንድ አድርጋው የማታውቀው ነገር አደረገች፤ የነርሶቹን አለቃ አስጠርታ ቪዲዮው ለምን እንደሚቆለፍ ጠየቀች።

«ያለ ፈቃድ እንዳይሰራጭ ነዋ» አለቻት አለቃዋ።

«ታዲያ አባቴም ያለ ፈቃድ አይተንፍስ?»

ሴትዮዋ ወረቀት አውጥታ ቱቦውን በእጇ ሣለች፤ የሚዞርበትንም አቅጣጫ በቀስት አመለከተች። በሳምንቱ ያልተቆለፈ ቅጂ ተላከላቸው።

ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ በተራ ያጸዳሉ። ትልቋ ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብላ አታወራም፤ አልለቀቃትማ። ተራዋ ሲሆን እጇን ታጥባ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፣ መንቀጥቀጡ እስኪያልፍላት። አባቷ አገጩን ወደ ጣሪያው አንጋጥጦ ይጠብቃታል፤ አያቻኩላትም።